የብርሃን ዋጋ፦ ስለ መዳብና ስለ ባልንጀራችን



መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 28 ላይ ሰው ከምድር ሆድ ማዕድን የሚያወጣበትን ሥራ በሰፊው ይገልጻል። ቅዱሱ ጸሐፊ፥ ሰው ጨለማውን ሰንጥቆ ወደ ምድር ጥልቅ እንደሚወርድ፥ እግር ባልረገጠው ስፍራ ተንጠልጥሎ እንደሚሠራ፥ ከድንጋይም መዳብ አንጥሮ እንደሚያወጣ በአድናቆት ያወሳል። ይህን ሁሉ ካደነቀ በኋላ ግን፥ ምድርን ፈልፍሎ ሀብት ያገኘው ይህ ሰው ጥበብን ከወዴት ሊያገኛት እንደሚችል ይጠይቃል። ጥበብ በማዕድን ጉድጓድ እንደማትገኝ፥ እግዚአብሔርን መፍራትና ከክፋት መራቅ ራሳቸው ጥበብ እንደሆኑም ያስተምረናል።

ይህ የጥንት ትምህርት ለዘመናችን የተጻፈ ይመስላል። ዓለም ዛሬ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ተላቅቆ ወደ ፀሐይ፥ ወደ ነፋስና ወደ ውሃ ኃይል ለመሸጋገር እየጣረ ይገኛል። ይህ ኃይል ግን ያለ መዳብ አይመነጭም፥ ወደ ቤታችንም አይደርስም። በማመንጫው ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ፥ የመንደሩ ትራንስፎርመር፥ በግድግዳችን ውስጥ የሚያልፈው መስመር በአብዛኛው መዳብ ነው። ስለዚህ ለሚመጣው ዘመን የሚበቃ መዳብ ይኖረን ይሆን? የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትንና መንግሥታትን ያከራክራል።

ይህ የመሐንዲሶችና የነጋዴዎች ጉዳይ ነው፥ ለስብከት ምን ያደርጋል? የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ስለ ማዕድን ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ለባለሙያዎቹ በተውነው ነበር። ነገር ግን በመካከሉ ሰው አለ። ወንዙ የተመረዘበት ገበሬ፥ በጭቃ የተቀበረ ቆፋሪ፥ ዝናብ የቀረባት አርሶ አደር፥ መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያ የምትወልድ እናት አሉ። ስለ ባልንጀራችን የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ የወንጌል ጥያቄ ነውና ዝም ልንል አይገባንም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መዳብ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲያስተምር፥ ይህ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው ነግሮናል። እኛም አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት።

ከብር ቀጥሎ እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ ብረት የለም። ይሳባል፥ ይጠመዘዛል፥ ቶሎም አይበላሽም። በነዳጅ የሚሄድ አንድ የቤት መኪና ከ20 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ መዳብ ሲኖረው፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ግን ወደ 80 ኪሎ ይፈልጋል። የፀሐይ ሰሌዳውም የነፋስ ማማውም ከዋናው መስመር የሚገናኙት በመዳብ ነው። በ2024 ከመላው ዓለም የማዕድን ጉድጓዶች የወጣው መዳብ ወደ 23 ሚሊዮን ቶን ይጠጋ ነበር። ከዚህ ውስጥ ቺሊ ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ፥ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ አውጥተዋል፤ ፔሩም በቅርብ ትከተላለች።

ፈላጊው ግን ከዚህ በፍጥነት እየበዛ ነው። በ2022 ኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል የተባለው የጥናት ድርጅት፥ በዓመት ወደ 25 ሚሊዮን ቶን የነበረው የዓለም ፍላጎት በ2035 ወደ 50 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ እንደሚችል ገመተ። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲም በ2025 ባወጣው ዘገባ፥ አሁን ያሉትና የታቀዱት የማዕድን ሥራዎች ተደምረው እንኳ በ2035 ከሚፈለገው መዳብ 30 በመቶ ያህሉ ሊጎድል እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ምክንያቱ መዳብ ከምድር ስላለቀ አይደለም። በቀላሉ የሚገኘው፥ ከላይ ያለውና የበለጸገው ድንጋይ አስቀድሞ በመውጣቱ ነው። ዛሬ በብዙ ጉድጓዶች ከመቶ ኪሎ ድንጋይ አንድ ኪሎ መዳብ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ቶን መዳብ ለማግኘት ከመቶ ቶን በላይ ድንጋይ ይፈነቀላል፥ ይፈጫል፥ በውሃና በኬሚካል ይታጠባል፤ የተረፈው ዝቃጭም በግድብ ተከልሎ ለዘለዓለም ይጠበቃል። ደግሞም አንድ የማዕድን ክምችት ከተገኘበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውን መዳብ እስኪሰጥ በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ ለመጀመሪያ ቁርባን የምናዘጋጃቸው ሕፃናት የልጅ አባትና እናት ለመሆን ሲደርሱ ማለት ነው።

ሁለቱ ወገኖች

በዚህ ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ ክርክሩ በሁለት ተከፍሏል።

አንደኛው ወገን፥ ይህ ሁሉ መዳብ ሊገኝ አይችልምና በፀሐይና በነፋስ እንኖራለን የሚለው ተስፋ ከንቱ ነው ይላል። ከነዚህም አንዳንዶቹ እንግዲያውስ በከሰልና በዘይት እንቀጥል ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። ሌላው ወገን ደግሞ ዓለም ከጥፋት የሚድነው በዚህ ለውጥ ብቻ ስለ ሆነ፥ የትም ይሁን የት፥ ማዕድኑ በፍጥነት ይውጣ ይላል።

ሁለቱም ከእውነት የተወሰነ ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያው ወገን የሚጠቅሰው ጥናት ቸል የሚባል አይደለም። የሚሺጋንና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባቀረቡት ጥናት፥ የኃይል ለውጡ ባይታሰብ እንኳ፥ ዓለም በተለመደው እድገት ለመኖር እስከ 2050 ባሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ካወጣው መዳብ ሁሉ የሚበልጥ ማውጣት እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ከዚህም ጋር ድኻ ሀገሮች ለመብራት፥ ለንጹሕ ውሃና ለጤና አገልግሎት የሚያስፈልጋቸው መዳብ እንዳለ አሳስበዋል። ይህን ማሳሰቢያ ልብ ልንለው ይገባል። መዳቡ ውድ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርበት ማን እንደ ሆነ እናውቃለንና።

ሁለተኛውም ወገን የሚለው አለው። በ1980 የሥነ ሕይወት ሊቁ ፖል ኤርሊክና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጁልያን ሳይመን ውርርድ ተወራረዱ። ኤርሊክ ማዕድናት እየተመናመኑ ስለሚሄዱ ዋጋቸው በዐሥር ዓመት ውስጥ ይንራል አለ፤ ሳይመን ደግሞ ሰው ብልኀት ስለማያጣ ይረክሳል አለ። ከተመረጡት አምስት ማዕድናት አንዱ መዳብ ነበር። በ1990 ሲታይ፥ የገንዘብ ግሽበቱ ተቀንሶ፥ የአምስቱ ጠቅላላ ዋጋ ወርዶ ስለ ተገኘ ኤርሊክ ተሸነፈ፥ ገንዘቡንም ከፈለ። አሉሚኒየም በብዙ ስፍራ መዳብን እንደሚተካ፥ አሮጌው መዳብም ቀልጦ ጠባዩን ሳያጣ እንደገና እንደሚሠራ እናውቃለን። ዓለም በየዓመቱ ከ8 ቢሊዮን ቶን በላይ ከሰል ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ከሰል ጢስ ሆኖ ይቀራል። መዳብ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም መዳብ ነው።

እንግዲህ በገበያ ሚዛን ሲታይ ሳይመን ረታ። ሆኖም ያ ውርርድ ያልመዘነው ነገር አለ። የመዳቡ ዋጋ የወረደው በማን ጀርባ እንደ ሆነ፥ ወንዙ ምን እንደ ሆነ፥ የቆፋሪው ልጅ ምን እንደ በላ በውሉ ውስጥ አልተጻፈም። የዛሬው ክርክርም እንዲሁ ነው። አንዱ ቁጥር አንሥቶ አይበቃም ሲል፥ ሌላው ቁጥር አንሥቶ ይበቃል ይላል። በምድሪቱ ላይ የሚኖረው ሰው ግን በሁለቱም መዝገብ አልሰፈረም።

ባልሰፈረም ጊዜ ራሱ ይናገራል። በፓናማ በ2023 መንግሥት ከአንድ ታላቅ የመዳብ ማዕድን ባለቤት ጋር የገባውን ውል ሕዝቡ በመቃወም ለሳምንታት አደባባይ ወጣ። የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኅዳር 28 ቀን ውሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፥ ማዕድኑም ተዘጋ። ብዙ ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ፥ ዓለምም አንድ ታላቅ የመዳብ ምንጭ ጎደለባት። ከዚህ የምንማረው፥ የመዳብ እጥረት ከድንጋዩ ድኽነት ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ሕዝብን ሳይሰሙ ከመዋዋልም ይመጣል።

የመዳብ ሀገር በጨለማ

ነገሩን በአንድ ሀገር ምሳሌ እንየው። ዛምቢያ በአህጉራችን ከኮንጎ ቀጥላ ብዙ መዳብ የምታወጣ ሀገር ናት። ኮፐርቤልት፥ ማለትም የመዳብ ቀበቶ፥ በተባለው ሰሜናዊ ክፍሏ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ በብዛት ሲቆፈር ኖሯል። በ2024 ከ800 ሺህ ቶን በላይ አውጥታለች፤ መንግሥቷም ይህን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ አቅዷል።

በዚያው በ2024 በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናብ ጠፋ። እህሉ በማሳ ላይ ደረቀ፤ ፕሬዚዳንቱም በየካቲት 29 ቀን ብሔራዊ አደጋ መድረሱን ዐወጁ። ሀገሪቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከወንዝ ስለ ሆነ፥ የካሪባ ሐይቅ ውሃ ሲጎድል መብራቱ ጠፋ። በብዙ ስፍራ በቀን ከ17 ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ የማይገኝበት ጊዜ ሆነ። የዓለም ሽቦ የሚመዘዝበትን መዳብ የምታወጣው ሀገር ራሷ በጨለማ ተቀመጠች።

ዓመት ሳይሞላ ሌላ መከራ ተከተለ። በየካቲት 18 ቀን 2025 ቻምቢሺ በተባለ ስፍራ የአንድ መዳብ አምራች ኩባንያ የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። አሲድና ከባድ ብረቶች የተቀላቀሉበት ፍሳሽ በጅረት አድርጎ ወደ ካፉዌ ወንዝ ገባ። ካፉዌ ከሀገሪቱ ሕዝብ የበዛው ክፍል በተፋሰሱ የሚኖርበት ታላቅ ወንዝ ነው። ዓሣው ሞቶ ተንሳፈፈ፥ በዳርቻው የነበረው ሰብል ተቃጠለ፤ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት የኪትዌ ከተማ የቧንቧ ውሃዋ ተቋረጠ። መንግሥት የአሲዱን ኃይል ለማብረድ ኖራ በጀልባና በአውሮፕላን ወደ ወንዙ አስጨመረ።

እንዲህ ያለው ነገር በዚያች ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰ አልነበረም። በመስከረም 25 ቀን 1970 ሙፉሊራ በተባለው ማዕድን፥ ከላይ የተከማቸው ዝቃጭ ምድሩን ሰብሮ ወደ ዋሻው ፈሰሰና በሌሊት ተራ ላይ የነበሩ 89 ሠራተኞችን ቀበረ። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ከ54 ዓመት በላይ አለ። የመዳቡ ዋጋ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ወርዷል፥ የማዕድኑም ባለቤቶች ተለዋውጠዋል፤ የዝቃጩ ሸክም ግን በዚያው ሕዝብ ጫንቃ ላይ ቀርቷል።

ሌላውም ሀገር ከዚህ አልዳነም። በሐምሌ 31 ቀን 2025 በቺሊ በኤል ቴንየንቴ ማዕድን ዋሻው ተንዶ 6 ሠራተኞች ሞቱ። በመስከረም 8 ቀን በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ በግራስበርግ ማዕድን ጭቃ በድንገት ገንፍሎ 7 ሰዎችን ገደለ። በኅዳር 15 ቀን ደግሞ በኮንጎ ሉዋላባ ክፍለ ሀገር በካላንዶ ማዕድን፥ በእጃቸው ቆፍረው የሚያድሩ ድኾች የተሰበሰቡበት ድልድይ ወድቆ ቢያንስ 32 ሰዎች ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር።

ዳዊት ያልጠጣው ውሃ

በዚህ ፊት ክርስቲያን ምን ይላል? በሁለተኛ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 የተጻፈ አንድ ታሪክ እናስታውስ። ዳዊት በዋሻ ሳለ፥ ቤተ ልሔም በጠላት እጅ በነበረች ጊዜ፥ በከተማይቱ በር አጠገብ ካለው ጉድጓድ ውሃ ለመጠጣት ተመኘ። ሦስት ጎበዛን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ውሃውን ቀዱለት፥ አመጡለትም። ዳዊት ግን ሊጠጣው አልወደደም። ለእግዚአብሔር አፈሰሰው፤ በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡትን ውሃ እንደ ደማቸው ቈጥሮታልና።

ዳዊት ውሃን አልናቀም። ጥማቱም የእውነት ጥማት ነበር። ነገር ግን ከጽዋው በስተጀርባ ያለውን ሰው አየ። ጽዋው ሲደርሰው ውሃውን ብቻ ለማየት እምቢ አለ። የእኛም ጥማት እውነተኛ ነው። ብርሃን ያስፈልገናል፤ የምድር አየር በጢስ እየሞቀ ለልጆቻችን ልትተላለፍ አይገባምና ከከሰልና ከዘይት መላቀቅም ያስፈልገናል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ደጋግማ አስተምራለች። በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ባወጡት ዐዋዲ መልእክትና በ2023 ባስከተሉት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ ይህ ለውጥ ሳይዘገይ እንዲፈጸም ለምነዋል። በቃል ብቻም አልቀሩም። በሰኔ 2024 ባወጡት ደብዳቤ፥ በሮም አቅራቢያ በሳንታ ማሪያ ዲ ጋሌሪያ በሚገኘው የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ የቫቲካን ከተማ ኃይል ሁሉ ከፀሐይ እንዲገኝ አዘዋል፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ በተሾሙ በወራት ውስጥ፥ በሐምሌ 31 ቀን 2025፥ ይኸው ሥራ እንዲቀጥል ከጣልያን መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈርሟል።

ነገር ግን ያው የ2015 መልእክት በ51ኛው አንቀጽ፥ ሰሜኑ ዓለም ለደቡቡ የሥነ ምኅዳር ዕዳ እንዳለበት ሲያስተምር፥ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የመዳብ ማዕድን የሚተፋው የድኝ ጢስ ነው። ቅዱስ አባታችን በጥር 31 ቀን 2023 ኪንሻሳ ላይ ቆመው አፍሪካ ሌሎች የሚመዘብሯት የማዕድን ጉድጓድ እንዳልሆነች በድፍረት ተናግረዋል። ንጹሕ ኃይልን እንሻ ያሉን አባት፥ ኃይሉ የሚገኝበትን ስፍራም እንድናይ ነግረውናል። ሁለቱ ትምህርቶች አይጣሉም። ጭሱን ከአንዱ ሕዝብ ሰማይ አንሥቶ መርዙን በሌላው ሕዝብ ወንዝ የሚጨምር ለውጥ ሸክሙን ከቦታ ወደ ቦታ አዛወረ እንጂ አላቀለለም።

ስለዚህ አይበቃምና በከሰሉ እንቀጥል ለሚለው ወገን የምንመልሰው፥ በድርቅና በጎርፍ የሚጎዳውን ድኻ አስብ ነው። በማንኛውም ዋጋ ይውጣ ለሚለው ወገንም፥ በካፉዌ ዳርቻ ያለውን ድኻ አስብ እንላለን። ስንት መዳብ አለ? ከሚለው ጥያቄ በፊት፥ ለማን ነው? ምን ያህልስ ይበቃናል? የሚሉት መቅደም አለባቸው። እግዚአብሔር የምድርን ሀብት ለሰው ልጆች ሁሉ እንደ ሰጠ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የዓለም መዳብ ውሱን ከሆነ፥ መብራት ለሌላት መንደር የሚሆነው ሽቦ ለአንድ ቤት ሦስተኛ መኪና ከሚሆነው ይቀድማል። መዳቡ የወጣበት ሕዝብ ከጥቅሙ ይካፈላል፥ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል፥ መብራትም ያገኛል። ይህ የምጽዋት ነገር አይደለም፤ የፍትሕ ነገር ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ ሀገር ነው እንዳንል፥ የእኛም ሀገር በዚሁ ጎዳና ላይ ትገኛለች። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በመስከረም 9 ቀን 2025 ተመርቋል። ኃይሉ ወደየመንደሩ እንዲደርስ ግን ገና ብዙ መስመርና ብዙ ትራንስፎርመር ይፈለጋል። በ2024ም መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በምትኩ የሚገባው እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና መዳብ ተሸክሞ ይገባል። ስለዚህ ከሚከተሉት ነጥቦች ጥቂቱን በትምህርት ክፍላችሁም በቤታችሁም እንድትመክሩባቸው እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ሰባተኛውን ትእዛዝ እናስተምር። ከምሰሶና ከትራንስፎርመር የመዳብ ሽቦ እየቈረጡ የሚሸጡ አሉ። ሽቦው ሲሰረቅ የሚጠፋው የመንግሥት ንብረት ብቻ አይደለም፤ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ይቆማል፥ ወፍጮው ይዘጋል፥ ተማሪው በጨለማ ያመሻል። የሰረቀው ብቻ በደለኛ አይደለም። ከየት እንደ መጣ እያወቀ በርካሽ የሚገዛውም የኀጢአቱ ተካፋይ ነው፤ ንስሓ ሲገባም የወሰደውን መመለስ እንዳለበት ይወቅ።

ሁለተኛ፥ የተቆፈረውን አናባክን። በመጽሐፈ ዘፀአት ምዕራፍ 38 እንደ ተጻፈው፥ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ያገለግሉ የነበሩ ሴቶች የናስ መስተዋቶቻቸውን ሰጥተው ካህናቱ የሚታጠቡበት ሰን ተሠራበት። አዲስ ማዕድን አልተቈፈረም፤ በቤት የነበረው ቀልጦ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ዋለ። በየቤታችን የተጣለ ሽቦ፥ የተበላሸ ሬድዮና ስልክ፥ የተቃጠለ ሞተር እንዲሁ ነው። ቀልጦ የሚመለስ እያንዳንዱ ኪሎ መዳብ ከመቶ ኪሎ በላይ ድንጋይ እንዳይፈነቀል ያደርጋል። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡትን ቁራሌዎች አንናቅ፤ ሥራቸው ክቡር ነው። ይሁንና መዳቡን ለማውጣት የሽቦውን ላስቲክ ማቃጠል መርዘኛ ጢስ ስለሚያወጣ፥ በተለይ ልጆች እንዳያደርጉት እናስጠንቅቅ። ላስቲኩ በቢላዋ ሊላጥ ይችላል።

ሦስተኛ፥ በቃኝ ማለትን እንልመድ። ጾምን ከአባቶቻችን የተቀበልን ሕዝብ ነን። ጾም ምግብን ስለምንጠላ የምናደርገው አይደለም፤ ሌላው እንዲበላ፥ እኛም የምኞታችን ባሪያዎች እንዳንሆን ነው። ሰው በሌለበት ክፍል የሚበራ መብራት፥ ሳይበላሽ የሚለወጥ ስልክ፥ ለጎረቤት ለመታየት የሚገዛ ዕቃ በዚህ መንፈስ ይመርመር። ለቁምስናችን ወይም ለትምህርት ቤታችን የፀሐይ ሰሌዳ ስናስገባም መልካም አደረግን፤ የሚበቃንን ያህል እንግዛ፥ እንዳይበላሽም እንጠብቀው።

አራተኛ፥ መጠየቅን እናስተምር። በየትኛውም ስፍራ ማዕድን ሊወጣ ሲታሰብ፥ ዝቃጩ የት ይከማቻል? ወንዙን ማን ይጠብቃል? መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ወዴት ይሄዳል? ጉድጓዱ ሲዘጋ ማን ይደፍነዋል? ብሎ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። ናቡቴ የወይኑን ቦታ ለአክዓብ አልሰጥም ባለ ጊዜ፥ ነቢዩ ኤልያስ የቆመው ከማን ጋር እንደ ነበር ለልጆቻችን እንንገራቸው።

አምስተኛ፥ ለእውነት እንታመን። በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ተስፋና ብዙ ፍርሃት ይሸጣል። ነገ ሁሉ በፀሐይ ይሆናል የሚለውንም፥ ሁሉም ነገር ውሸት ነው የሚለውንም ሳንመረምር አንቀበል። ዛምቢያ በወንዝ ብቻ መታመን እንደማይበቃ ከመከራዋ ተምራ፥ በ2025 በቺሳምባ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ጣቢያ መርቃለች። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ የካፉዌን ወንዝ ግን ገና አያጠራውም። ሁለቱንም በአንድነት መናገር የሚችል አንደበት እውነተኛ ነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ ሰው ድንጋይን ሰንጥቆ መዳብን ሊያወጣ የሚያስችለውን አእምሮ የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ጥበብን ግን ከእርሱ ዘንድ ልንለምን ይገባናል። ማብሪያውን በተጫንን ቁጥር፥ ይህ ብርሃን ወደ እኛ እንዲደርስ የደከሙትን በአንዲት አጭር ጸሎት እናስባቸው። ያን ጊዜ የደማቸውን ዋጋ የማያይ ትውልድ አንሆንም። በጉድጓድ የሠሩትንና በዚያው የቀሩትን ጌታ በመንግሥቱ ያሳርፍ፤ በሕይወት ያሉትን ይጠብቅ፤ የሚገዙንና የሚነግዱት ሁሉ ፍርሃተ እግዚአብሔር ይደርባቸው። ለእኛም የሚበቃንን የምናውቅበት፥ የተረፈንንም የምናካፍልበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።